ስድስተኛዋ ፑንታ

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ነኝና ፊደሌ ጠመም ቢል አትፍረዱብኝ። ነገሬ ግን አይጠምም። አንብባችሁ ስትጨርሱ ትስቁብኝ ይሆናል፤ እኔም እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

ነገሩ ሲሆን ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤቴ ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ክረምት የርብ ወንዝ ሲሞላ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ላይ ነው። ሩዝ አመርታለሁ፤ ሁለት ላሞች አሉኝ። ባሌ ከሞተ ቆይቷል። የልጄን ልጅ ትርንጎን ጡት ከጣለች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ሰፈሬ «ነገረኛዋ የሺ» ይለኛል። ነገረኛ አይደለሁም፤ ያልተስተካከለ ነገር ሳይ ዝም ማለት ስለማልችል ነው። አንድ ጊዜ ሩዝ መፈተጊያ ቤት ወረፋ ይዘን ሳለ አንድ ባለ ኮት ሰውዬ መጥቶ ሰልፉ ውስጥ ገባ። ከእኔ ፊት አይደለም የገባው፤ ከእኔ ኋላ ካለችው ሴትዮ ፊት ነው። ቢሆንም ሰውዬው ወደ ጭራው እስኪመለስ ድረስ በሩ ላይ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ሴትዮዋ ራሷ «ኧረ ተዪው እማማ» ትለኝ ነበር። ተመለሰ።

ወሩ ኅዳር ነበር። ሩዙ ደርሶ ወገቤን ጎንበስ አድርጌ ሳጭድ ስልኬ ጮኸ። ትርንጎ ናት። እያለቀሰች ነው።

«እማምዬ፣ ከማሽኑ ሊያስነሳኝ ነው።»

«ማን?»

«ሙሉቀን። አምስተኛዋም ተሰበረች።»

«ምኗ?»

«ፑንታዋ!»

ፑንታ ምን እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር። እንጨት የሚበሳ፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ የብረት ጣት ነው።

«አንቺ ነሽ የሰበርሻት?»

«ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑን የያዘው ማን ነው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው መጣሁ፤ እንዳትነቃነቂ።»

መንገድ ዳር ወጥቼ ባጃጅ አስቆምኩ። ትንሽ እንደሄድን ሾፌሩ በመስታወቱ ደጋግሞ ያየኝ ጀመር።

«እማማ፣ ያ የያዙት ማጭድ…»

ለካ ማጭዴን ሳላስቀምጥ ነው የመጣሁት። «አንተን አያጭድህም፤ ንዳ!» አልኩት። ነዳ። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ነዳ።

የሙሉቀን እንጨት ቤት ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ጎሚስታ አጠገብ ነው። ቤቱ መሐል ያለውን ማሽን ሲኤንሲ ይሉታል። ትልቅ ጠረጴዛ ነው፤ ከላዩ ሞተር ተንጠልጥሏል። ኮምፒውተሩ ላይ የሳላችሁትን ሥዕል ሞተሩ ራሱ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች እየሄደ እንጨቱ ላይ ያወጣዋል። ትርንጎ ቴክኒክና ሙያ ተምራ ይህን ማሽን ከያዘች ዓመት ሆኗት ነበር። የወይን ሐረግና ርግብ የተቀረጸባቸው በሮች፣ የአልጋ ራስጌዎች ትሠራለች። በወረታ ይህን ማሽን የያዘች ሴት እሷ ብቻ ነበረች። በልቧ ከሁሉ የምትወደው ይህን ሥራዋን እንደሆነ አውቃለሁ፤ በዓል ሲሆን እንኳ እጇ ሰጋቱራ ሰጋቱራ ይሸታል።

የዚያን ሰሞን የተያዘው ሥራ ግን በር አልነበረም። የእኛ አካባቢ ገበሬዎች ያዘዙት የሩዝ መውቂያ ነው። እንደ ከበሮ ክብ ሆኖ በእግር እየተረገጠ ይሽከረከራል። ዙሪያውን ጣውላ ይለብሳል፤ ጣውላው ላይ ቀዳዳ በቀዳዳ ይበሳና የታጠፈ ሽቦ ይሰካበታል። ነዶውን ስትይዙለት ሽቦው ፍሬውን ያራግፈዋል። ያንን ሁሉ ቀዳዳ በእኩል ርቀት የሚበሳው ይህ ማሽን ነው ተባለ። ሲበሳ ግን ፑንታ በፑንታ ላይ ይሰበር ጀመር።

ስገባ ሙሉቀን አምስቱን ስባሪዎች በመዳፉ ይዞ ቆሟል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቁጣው ግን ከእሱ ቀድሞ ነው በር የሚከፍተው።

«እንደምን አረፈዱ እማማ።»

«ደህና አላረፈድኩም።»

«ይመልከቱት! በሁለት ቀን አምስት! የልጅ ልጅዎ ስልኳን ስታይ ነው የምትውለው።»

«ስልኬን አልነካሁም!» አለች ትርንጎ ከማሽኑ ኋላ። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሰዎቹ መውቂያቸውን እየጠበቁ ነው። የእህቴ ልጅ ነገ ከጎንደር ይመጣል፤ ማሽኑን እሱ ይያዝ። እሷ ሰጋቱራ ትጥረግ።» ይህን ብሎ የኮምፒውተሩን ገመድ ሊነቅል እጁን ዘረጋ።

«በሕግ አምላክ!» አልኩ።

የሙሉቀን እጅ አየር ላይ ቀረ። በእኛ አገር በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ከቆመበት ንቅንቅ አይልም፤ ነገሩ እስኪታይ ይቆማል። አባቴ ሲጣላም ሲያስታርቅም ያየሁት እንዲህ ነው።

«እማማ፣ ይህ እኮ ድሮ ቀረ» አለኝ፣ እጁን እንደዘረጋ።

«ድሮ ከቀረ ለምን ቆምክ?»

እጁን ቀስ ብሎ አወረደው።

«ልጅቷ ጥፋተኛ ከሆነች እኔው መጥረጊያውን አስይዛታለሁ። ካልሆነች ግን ከማሽኗ አትነሳም። ዳኛ ይየው።»

«ከየት ነው ዳኛ የምናመጣው?»

«ከመንገድ።»

በአባቴ ጊዜ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ መንገደኛ ያስቆማሉ። ሁለቱንም የማያውቅ ከሆነ የዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይሰማቸዋል፤ ሥራ አለብኝ ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ወጣሁ። ጎሚስታው ደጅ አንድ ጠና ያለ ሰው የፈነዳ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሽምብራ ቆሎ ይቆረጥማል። ከጎኑ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና አንድ እግሩን አንስቶ ቆሟል።

«አንተ ሰው፣ መንገደኛ ነህ?»

«ወደ ደብረ ታቦር ነኝ እናቴ። ጎማ ከዳኝ።»

«እዚህ እንጨት ቤት ዘመድ አለህ?»

«ኧረ ማንንም አላውቅ።»

«ጥሩ። ዳኛ ነህ፤ ተነሳ።»

ማጭዴን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ቆሎውን ኪሱ ከተተ። «ጎማዬ እስኪለጠፍ ድረስ ከሆነ እሺ» አለ። ጌታነህ ይባላል። ገብቶ የተገለበጠ የሚስማር ሣጥን ላይ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«የመጀመሪያ ትእዛዜ» አለ፣ «እናቴ ማጭዳቸውን ያስቀምጡ።»

ልክ ነው። አስቀመጥኩ።

ሙሉቀን ተናገረ። ትርንጎ ተናገረች። «እኔ የሠራሁት እዚያ በተለጠፈው ወረቀት መሠረት ነው» አለች። ከማሽኑ ራስ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤ ፊደሉ ትልልቅ ስለሆነ እኔም አነበብኩት። «ፍጥነት አሥራ ስምንት ሺህ። ማንም እንዳይነካው» ይላል። በደቂቃ ያን ያህል ጊዜ ይሽከረከራል ማለት ነው።

ጌታነህ ጢሙን አሻሸ። «እኔ የማውቀው መሪና ፍሬን ነው። በዓይኔ ካላየሁ አልፈርድም። ብሱና አሳዩኝ።»

«የቀሩኝ ሁለት ፑንታዎች ናቸው!» አለ ሙሉቀን።

«እንግዲያው በደንብ እንይ።»

ትርንጎ የባሕር ዛፍ ጣውላ አሰረች፤ ፑንታዋን በሞተሩ ጉሮሮ ውስጥ አጠበቀች። አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነች። ሞተሩ ጮኸ፤ ፑንታዋ ወረደችና እንጨቱ ውስጥ ገባች። ወዲያው ጭስ ወጣ። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ።

«አቁሚው!»

ትርንጎ ቀዩን መታችው። የፑንታዋ ጥምዝ ሁሉ በተቃጠለ ሰጋቱራ ተደፍኗል። ልነካት ስል ልጅቷ እጄን ያዘችኝ፤ «ትፋጅሻለች!»

ባሌ ነፍሱን ይማረውና፣ የሰፈሩን ቀንበር የሚሠራው እሱ ነበር። የተረፈውን ይፋግ ገበያ ወስዶ ይሸጣል። የበሬውን አንገት የሚይዘው ማነቆ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች የሚበሳው በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ ነው። እኔ ቀንበሩን ቁጭ ብዬበት እይዝለታለሁ። ቀስ ብሎ ያዞራል፤ ትንሽ ይወርዳል፤ ያወጣዋል፤ እፍ ይላል፤ ደግሞ ይወርዳል። አንድ ቀን መቀመጥ ሲሰለቸኝ «ለምን በአንድ ትንፋሽ አትጨርሰውም?» አልኩት። በአንድ ትንፋሽ ሞከረውና እንጨቱ ጨሰ፤ መሰርሰሪያውም ነክሶ ቀረ። «አየሽ የሺ» አለኝ፣ «የተፈጨው መውጫ ይፈልጋል።»

ይህንኑ ነገርኳቸው። «አታቻኩሉት። ቀስ ብሎ ይዙር። ትንሽ ወርዶ ይውጣ፤ ይተንፍስ፤ ደግሞ ይውረድ።»

ሙሉቀን ፈገግ አለ። «እማማ፣ ይህ እኮ ኮምፒውተር ነው።»

ትርንጎ ግን ዓይኗ በራ። «ይችላል እኮ! ወጣ ገባ እያለ የሚበሳበት ትእዛዝ አለው። ፍጥነቱንም መቀነስ ይቻላል። ግን…» ብላ ወረቀቱን አየች።

«ወረቀቱን ማን ጻፈው?» አለ ጌታነህ።

ሙሉቀን ስባሪዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «እኔ» አለ።

«ለፑንታ ብለህ?»

«ለመቅረጫው፣ ሐረግ ለምናወጣበት ብረት ነው። ማሽኑ ሲመጣ በር ብቻ ነበር የምንቀርጸው። ፑንታ የገዛሁት አሁን ለመውቂያው ነው። ፍጥነቱ… ያው ይሆናል ብዬ።»

«እንግዲያው የሚነቀል ካለ ወረቀቱ ይቅደም» አለ ዳኛው። ሙሉቀን ወረቀቱን ራሱ ቀደደው። ልቤ ጮቤ ረገጠ፤ ረታሁ አልኩ።

ትርንጎ ፑንታዋን ጠርጋ ፍጥነቱን አወረደች፤ ወጣ ገባ እንዲል አዘዘችው። እንደገና ተጫነች። አሁን ጭስ የለም። ፑንታዋ ወረደች፣ ወጣች፣ ወረደች፤ ነጭ ሰጋቱራ እንደ ቆሎ ተፈናጠረ። እልል ልል አፌን ስከፍት ፑንታዋ ታች ደርሳ ወደ ጎን መዞር ፈለገች። እህህ ብላ ስታቃስት ትርንጎ ቀዩን መታችው። ለጥቂት ተረፈች።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩ። «መሰርሰሪያ ወደ ጎን ምን አስኬደው?»

ትርንጎ ኮምፒውተሩን አየች። ፊቷ ዓመድ መሰለ። ወደ እኔ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ «እማምዬ፣ ይህኛው የኔ ነው» አለችኝ። «መጀመሪያ በመቅረጫው ልበሳ ብዬ ነበር። መቅረጫው ከቀዳዳው ስለሚቀጥን ወርዶ ክብ እንዲዞር ነው የሳልኩት። ፑንታ ሲመጣ ሥዕሉን ሳልቀይረው ቀረሁ። መቅረጫ በጎኑ ይበላል፤ ፑንታ ግን የሚበላው በጫፉ ብቻ ነው።»

እውነቱን ልንገራችሁ። ዝም በዪ የሚል ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሙሉቀን አልሰማም፤ ዳኛው አልሰማም፤ ነገሩን በወረቀቱ ረትተናል። ያሳደግኋት ልጅ ናት። ያ ባለ ኮት ሰውዬ ግን የእኔ ወንድም ቢሆን ኖሮ ከሰልፉ አስወጣው ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

«ለዳኛው ተናገሪ» አልኳት።

ጮክ ብላ ተናገረች። ሙሉቀን ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ የቀደደው ወረቀት እጁ ላይ እንዳለ አየና ዘጋው።

ጌታነህ ከሣጥኑ ተነሳ። «ፈርጃለሁ። ያቃጠለው የባለቤቱ ወረቀት ነው፤ የሰበረው የልጅቷ ሥዕል ነው። ጥፋቱ ለሁለት ነው። ሁለታችሁም እዚሁ ይቅርታ ተባባሉ። ጥፋቷን በራሷ አፍ የተናገረች ልጅ ደግሞ ከማሽኗ አትነሳም።»

ሙሉቀን አንገቱን አከከ። «ትርንጎ፣ ስልክ ስትነኪ ሳላይሽ ስልኳን ታያለች አልኩ። ይቅር በይኝ።»

«እኔንም ይቅር በለኝ።»

ሥዕሉን አስተካከለች፤ ቀጥ ብሎ ወርዶ ቀጥ ብሎ የሚወጣ። «አሁን አንቺ ተጫኚው» አለችኝ። ሩዝ ያጨደ ጣቴን አረንጓዴው ላይ አሳረፍኩ። ፑንታዋ ከአንዱ ቀዳዳ ወደሚቀጥለው እየዘለለች፣ እህል እንደምትለቅም ዶሮ ጣውላውን ከዳር እስከ ዳር ለቀመችው። ሙሉቀን ጣውላውን ፈትቶ እፍ አለበት፤ ዓይኑን አንዱ ቀዳዳ ላይ ገጥሞ አየኝ።

«እማማ፣ በደንብ ይታዩኛል!»

«ቀድሞም እዚሁ ነበርኩ!» አልኩት። ጎሚስታው ድረስ የሚሰማ እልልታ ለቀቅሁ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። አላለቀም።

ወደ ቤቴ መሄድ ሲገባኝ ልቤ አብጦ ቀረሁ። ማሽን ያሸነፍኩ መስሎኝ ወዲህ ወዲያ እላለሁ። ትርንጎ ከሰዓት በኋላ ቸኩላ የምትጨርሰው አንድ በር ነበራትና ፑንታዋን ፈታ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠቻት። «እማምዬ፣ ያቺን መቅረጫ አቀብይኝ፤ ቀጭኗን» አለች፣ ዓይኗን ከበሩ ሳታነሳ። ሣጥኑ ውስጥ ሁሉም ተደባልቋል። ሁሉም የተጠማዘዘ ነው፤ ሁሉም ያብለጨልጫል። አንዷን ቀጭን መዘዝኩና «እንኪ!» አልኩ፣ እንደ ትልቅ ባለሙያ።

አጠበቀቻት። ተጫነች። ማሽኑ የወይን ሐረጉን ሊስል ወደ ጎን ሄደ። ቀጭ!

ስባሪዋ ግድግዳውን መትታ ወደቀች። ሙሉቀን ከጓሮ ሮጦ ገባ።

«አሁንስ?» አለ፤ ድምፁ ያ የጠዋቱ ነበር። «ትርንጎ! አሁንስ ማንን ልንል ነው?»

ትርንጎ ስባሪውን አነሳች። ፑንታ እንደሆነች ለየች። ከማን እጅ እንደተቀበለቻትም ታውቃለች። አየችኝ፤ አንገቷን ደፋች። «ሳላይ አሰርኩ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

ልታድነኝ ነው! እኔን!

«በሕግ አምላክ!» አልኩ። ሙሉቀን በልማድ እጁን አየር ላይ አቆመ። «እኔ ነኝ። መቅረጫ ስጪኝ አለችኝ፤ ፑንታ ሰጠኋት። ጌታነህ! ጌታነህ አለህ?»

ጌታነህ ጎማው ተለጥፎለት ሞተር አስነስቶ ነበር። ጩኸቴን ሰምቶ አጠፋውና መጣ። ክሴን ራሴ አቀረብኩ። ጠዋት ከሳሽ የነበረችው ሴት ከሰዓት ተከሳሽ ሆና ስትቆም ሰውዬው ሳቁን በመዳፉ አፈነው።

«እናቴ፣ የሚከላከሉት አለዎት?»

«የለኝም። ኩራት ነው።»

«ልጅቷስ?»

ትርንጎ ሣጥኑን አነሳች። «ጥፋቱ የሣጥኑም ነው። ፑንታና መቅረጫ አብሮ መቀመጥ አልነበረበትም። የሚለያቸው ሰው ያስፈልጋል።»

«እንግዲያው ፈርጃለሁ» አለ ጌታነህ። «እናቴ በየሳምንቱ አንድ ቀን መጥተው ይለያሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ይደረድራሉ። መጀመሪያ ግን ልዩነቱን ይማሩ። አስተማሪያቸው የልጅ ልጃቸው ናት።» ሙሉቀን መሳቅ ጀመረ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ዳኛው ያንን ትልቅ መኪናውን ጥሩምባ እየነፋ ወደ ደብረ ታቦር ነጎደ። ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም፤ ይህን ካነበበ ፍርዱን እየፈጸምኩ እንደሆነ ይወቅልኝ።

መውቂያው በቀረችው አንዲት ፑንታ ተበሳ። አልተሰበረችም። ያን ዓመት ነዶዬን ከበሮው ላይ ስይዘው የሩዙ ፍሬ እንደ ዝናብ ሲረግፍ፣ የትኞቹ ቀዳዳዎች በእኔ ጣት እንደተበሱ ለማየት አጎነበስኩ። ሁሉም እኩል ነበሩ፤ ልለያቸው አልቻልኩም።

የምታነቡኝ ሰዎች፣ ያ ቀን ምን ቀየረብሽ ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ለእውነት ስቆም ሁልጊዜ የቆምኩት በሌላ ሰው ጥፋት ላይ ነበር። ያ ቀላል ነው፤ ያስጨበጭባል። በራሴ ጥፋት ላይ መቆም ምን ያህል እንደሚከብድ በስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው ያወቅሁት። ደግሞም በዚያ ዕድሜ ተማሪ ሆንኩ፤ ከመለኪያው ትንንሽ መስመሮች ላይ ቁጥር ማንበብ፣ የፑንታን ውፍረት መለካት፣ ጫፉን አይቶ የደነዘዘውን ማውጣት። ትርንጎ ኃይለኛ አስተማሪ ናት፤ ከማን እንደወረሰችው እኔ አልናገርም። የሙሉቀን የእህት ልጅም ከጎንደር መጥቶ ከእሷ ሥር ይማራል።

ዛሬ ሣጥኑ ሁለት ሆኗል፤ በክዳናቸው ላይ በእጄ ጽፌባቸዋለሁ። አንደኛው «ወደ ታች ብቻ» ይላል። ሁለተኛው «ወደ ጎንም» ይላል። ከሁለቱ በላይ ግድግዳው ላይ አንዲት ስባሪ ፑንታ በክር ተንጠልጥላለች። የሰቀልኳት እኔ ነኝ። በር ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሁሉ ያያትና፣

«ይቺን ማን ሰበራት?» ይላል።

ትርንጎ ወደ ኮምፒውተሯ ትዞራለች። ሙሉቀን ወደ ጣሪያው ያያል። እኔም ከመደርደሬ ሳልነሳ፣ ጮክ ብዬ፣

«እኔ!» እላለሁ።